ያልተጠረገው ውሃ

ታላቅ እህቴ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «ሆስፒታል ናት» ብላ ትዘጋዋለች። አንድ ጊዜ ለትዳር የታሰበልኝ ሰው ጠለቅ ብሎ ቢጠይቃት «የሰው አንጀት ነው የምትቆርጠው» አለችው። ሰውየው ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኔም ማስረዳት ትቻለሁ።

ለናንተ ግን ልንገራችሁ። ሐኪም ከበሽተኛ ሆድ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ሥጋ ቆንጥሮ ያወጣል። ያቺ ሥጋ ሰም ውስጥ ትቀበራለች። ሰሙ ሲጠነክር እኔ ማሽኔ ላይ አስሬ በምላጭ እልጠዋለሁ፤ ልጣጩ ከአንዲት ጸጉር አሥራ አምስት ጊዜ ይሳሳል። ልጣጮቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ሪባን ሆነው ይወርዳሉ። ሪባኑን ለብ ያለ ውሃ ላይ እዘረጋና ሽብሽቡ ሲፍታታ ከሥሩ ብርጭቆ አስገብቼ አነሳዋለሁ። ቀለም ከጠጣ በኋላ ስላይድ ይባላል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ አይተው ይፈርዳሉ።

በዚህ ሥራ ላይ የማይታለፍ ሕግ አለ። ሪባኑ ሲወርድ አይተነፈስም፤ ትንፋሽ ይዞት ይበራል። ከአንዱ ሰው ሥጋ ወደ ሌላው ሰው ሲታለፍ ደግሞ የውሃው ፊት በወረቀት ይጠረጋል። ካልተጠረገ የቀድሞው ሰው ብጣሽ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቆይና የሚቀጥለው ሰው ስላይድ ላይ ይለጠፋል። የአንዱን በሽታ ለሌላው ሰጠሽ ማለት ነው። ይህን የነገሩኝ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመትም አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም ነበር።

ክፍሌ ምድር ቤት ናት፤ መስኮት የላትም። ከላይ ካሉት ጋር የምታገናኘኝ ግድግዳው ውስጥ የተሠራች፣ የጫማ ካርቶን የምታህል አሳንሰር ናት። ስላይዶቹን ደርድሬ እልካለሁ፤ እነሱም የትእዛዝ ወረቀት ያወርዱልኛል፤ ስትደርስ ደወሏ ይጮሃል። ከላይ በእግሩ የወረደ ሐኪም ግን አልነበረም። እዚያ ላይ «ምላጭ» ይሉኛል አሉ። ለሥራዬ ይሁን ለምላሴ ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱ ስለማይጠፋኝ ነው።

ብቸኝነት ከለመዱት ጥሩ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸታቸውን ነው። ዳቦና ብርቱካኔን ማሽኔ አጠገብ ተቀምጬ ስበላ የራሴ ማኘክ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ደወሏ ጮኸች። የመጣው ወረቀት ላይ፣ «አስተያየት» በሚለው ቦታ፣ በማላውቀው የእጅ ጽሑፍ «ይህ ስላይድ ተጨማዷል። በድጋሚ ይቆረጥልኝ» ይላል። ከሥሩ ጻፍኩለት፦ «የተጨማደደው ስላይዱ ሳይሆን ሥጋው ነው። ሰውየው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እርስዎም ሲደርሱ ያዩታል።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ተንኳኩቶ የማያውቅ በር ሲንኳኳ ያስደነግጣል። ስከፍተው ቀጭን፣ ረጅም፣ የጋዋኑ እጅጌ ክርኑ ላይ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ወጣት ቆሟል።

«ምላጭ የሚሏት...» አለና ራሱ ደነገጠ። «ይቅርታ፤ ስምዎን አልነገሩኝም።»

«እሱ ይበቃል። ሊጣሉኝ ነው የመጡት?»

«ኧረ በፍጹም። እንዴት እንደሚቆረጥ ለማየት ነው። ስላይድ ማንበብ ስማር ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሲቆረጥ ግን አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ በፊት ሥራሽን ልይ ያለኝ ሰው አልነበረም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና እጀታውን ማዞር ጀመርኩ። ሪባኑ መውረድ ሲጀምር ጎንበስ ብሎ ተጠጋኝ፤ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ትንፋሽዎን ይያዙ!»

ያዘ። እኔም ያዝኩ። ትከሻው ከትከሻዬ አንድ ስንዝር አይርቅም። ሪባኑ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ውሃው ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም ባንዴ ተነፈስን። ከዚያ ደግሞ ባንዴ ሳቅን። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«የቆረጡትን ግን አይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«መጨማደዱን፣ መቀደዱን አያለሁ። ሌላው የኔ ሥራ አይደለም።»

«ነገ በምሳ ሰዓት ላይ ይምጡ» አለኝ። ሲወጣ የበሩን ጉበን በግንባሩ መታው፤ ያመመው ግን አይመስልም ነበር።

ሄድኩ። እህቴ ብታይ «ሳይለምኑሽ?» ትለኝ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ስላይድ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አለ። በአስተማሪው በኩል ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ስትነካ አረንጓዴ ቀስት እየሄደች የሚታየውን ታመለክታለች። በተማሪው በኩል ዓይን ብቻ ነው። እኔ በተማሪው በኩል ተቀመጥኩ።

«ይሄ ትንሹ አንጀት ነው። ጣቶቹ ታዩዎት?»

ታዩኝ። ቀይና ሐምራዊ የሆኑ ረጃጅም ጣቶች፣ ወደ ላይ ተቀስረው። ጣቶቹን ከዳር እስከ ዳር የሸፈኗቸው ሴሎች እንደ አጥር እንጨት ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ውሃ እንኳ አያልፍም አለኝ። ቀስቷ አናታቸው ላይ ወጣች። እዚያ ላይ ቀጭን ጭረት አለ።

«ጭረት የሚመስለው ብሩሽ ነው። አንዷ ሴል ብቻ በሺህ የሚቆጠር ጸጉር አላት። የበላነውን የምትቀበለው በዚያ ነው። እነዚህ ነጣ ያሉት፣ ዋንጫ የሚመስሉት ደግሞ ዝልግልግ ፈሳሽ ይሞላሉ፤ ሲሞሉ አፋቸውን ከፍተው ያፈሱታል፤ ግድግዳው እንዳይፋቅ ነው። እዚህ ታች ጉድጓዱ ሥር ቀያይ ፍሬ የታቀፉት ዘበኞቹ ናቸው። ተህዋስ አያሳልፉም።»

«ሁሉም ሥራ አለው ማለት ነው።»

«ዕድሜ ግን የላቸውም። ጉድጓዱ አጠገብ ይወለዳሉ፤ ጣቱ ጫፍ እስኪደርሱ ይወጣሉ፤ በአራት በአምስት ቀን ይወድቃሉ። አሁን የምናያቸው ዓይነቶች ባለቤቱ ሆድ ውስጥ ስንቴ ተቀያይረዋል።»

ከዚያ ቀስቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ምንም የተለየ ነገር አላየሁም።

«እዚህ ጋ አንዲት የተለየች ሴል ብትኖርስ ብዬ ነው» አለ። «በተራ ቀለም አትለይም። የምትታየው ከብር ማዕድን በሚሠራው ጥቁር ቀለም ነው። ከመቶ አንዷ ብትሆን ነው። ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ምግቡ ያዞራሉ። እሷ ጫፏን ብቻ ብቅ አድርጋ የሚያልፈውን ትቀምሳለች። የቀመሰችውን መልሳ ወደዚያው አታፈሰውም፤ በሥሯ በኩል፣ ከኋላ፣ ለደም ታቀብላለች።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን። ዙሪያዋን ሰው ሞልቶ።»

ሴል ማለቱ ነበር። ሁለታችንም ከማይክሮስኮፑ ቀና አልን። ዓይኖቹ ትልልቅ ነበሩ፤ ከሥራቸው የድካም ጥቁረት አለ።

«ትምህርቴን ልጨርስ እዚህ ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ» አለ፣ ጣቶቹን እያየ። «ምሳ አብሮኝ የበላ ሰው የለም።»

አንጀቴን በላው። የሰው አንጀት አሥራ አንድ ዓመት ስልጥ የራሴ እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከቦርሳዬ ብርቱካኔን አወጣሁና ለሁለት ከፈልኩት።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት የኛ ሆነ። እሱ ያሳየኛል፤ እኔ ደግሞ ምላጩ የቱ ጋ እንደደነዘ ከጭረቱ እነግረዋለሁ። ብዙ ጊዜ አናወራም። አንድ ነገር ለሁለት እያዩ ዝም ማለት ብቻን ዝም ከማለት ምን ያህል እንደሚለይ የሚያውቀው የቀመሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ደወሏ ትጮሃለች፤ ብርጭቆው ላይ በብዕር የተነጠበ አንድ ነጥብ ያለበት ስላይድ ይመጣል። ነጥቡ አጠገብ ያለውን በትንሿ ማይክሮስኮፔ ፈልጌ ምን እንደሆነ ጽፌ እመልሳለሁ። ስሳሳት «ዘበኛ አይደለም፣ ዋንጫ ነው። ነገ ብርቱካኑን አንቺ ትልጫለሽ» ይለኛል። መቼ «አንቺ» እንዳለኝ፣ መቼ «አንተ» እንዳልኩት አላስታውስም። አፋችን ራሱ ነው የወሰነው።

የሚያሳስበን አንድ ነገር ነበር። ትምህርቱ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ቋሚ ቦታ ብቻ አለ፤ ተፎካካሪዎቹ እሱና አብሮት የሚማር አንድ ሌላ ሐኪም ናቸው። የሚወስኑት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ፣ ነጭ ፂም ያላቸው፣ ሲያመሰግኑ የማይታወቁ ሰው።

«ቦታውን ካገኘሁ እቀራለሁ» አለኝ አንድ ቀን።

«ካላገኘህስ?»

«ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ይመድቡኛል። የሰባት ሰዓት መንገድ ነው።»

ወደ ምድር ቤት ስወርድ ደረጃውን ቆጠርኩት። ሰባ ሁለት ነው። ከዚያ በፊት ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

አንድ ሰኞ የአንዲት አሮጊት የትልቁ አንጀት ካንሰር ቆርጬ ጨርሻለሁ። ቀጥሎ የአንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር የትንሹ አንጀት ሥጋ ነው፤ ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ከስቻለሁ ብሎ የመጣ ሰው ነው። ሰሙን ማሽኑ ላይ አሰርኩ። ሪባኑ ሊወርድ ሲል ደወሏ ጮኸች።

ጥቁር ቀለም የጠጣ ስላይድ ነው። ብርጭቆው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ነጥብ አለ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፈልግ ከረምኩ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ብቸኞች አገኘሁ። ቦታውን ባገኝም ባላገኝም ጥያቄዬ አንድ ነው። ምን ትያለሽ?»

በማይክሮስኮፔ አየኋቸው። ሁለት ጥቁር ሴሎች፣ ጎን ለጎን፣ ቀጫጭን አንገታቸውን ወደ ላይ አውጥተው። ዙሪያቸው ሁሉ ገርጥቷል። ስንት ደቂቃ እንዳየኋቸው አላውቅም። ወረቀት አንስቼ መልስ ጻፍኩና ቀደድኩ፤ ደግሜ ጻፍኩና ቀደድኩ። በአፌ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ ጉንጬ እየነደደ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ፤ የሹፌሩን ሪባን ውሃው ላይ ዘረጋሁ።

በማግስቱ ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አላገኘሁትም። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ስወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ በርቷል፤ መልሴን ሊሰማ ነው ብዬ ጋዋኔን አስተካከልኩ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለ። «ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን መቱኝ! እሳቸው ሰው ነክተው ያውቃሉ?»

ተቀመጥን። የሹፌሩ ስላይድ ነው። ጣቶቹ፣ ብሩሹ፣ ዋንጫዎቹ አሉ፤ ቀስቷ ወደ ጥጉ ሄደች።

«ይቺን ሌላ ሰው ያልፋት ነበር። ካንሰር ናት። እዚህ አንጀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። እሳቸውም አይተው ፈረሙ። ዓርብ ጠዋት ኦፕራሲዮን ይደረጋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውየው ያሳዝነኛል። ቦታው ግን የኔ ሳይሆን አይቀርም።»

ብጣሿን አየኋት። ከምንም ጋር አልተያያዘችም። ከሌላው ሥጋ ትንሽ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች እሷ ስትጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ብሩሽ የላትም። ዘበኛ የላትም። የተዘበራረቁ ዋንጫዎች ብቻ ናቸው። እሱ ራሱ አስተምሮኝ የለ? ይህ የትንሹ አንጀት ነገር አይደለም። ይቺን ብጣሽ አውቃታለሁ፤ ሰኞ በእጄ ቆርጫታለሁ።

መጥረጊያ ወረቀቱን አላነሳሁም ነበር። ውሃውን አልጠረግኩም።

«ምን ሆንሽ?»

«ራሴን አመመኝ» አልኩና ወጣሁ።

የሹፌሩን ሰም እንደገና አስሬ አሥራ ሁለት ጊዜ ቆረጥኩ። በየመካከሉ ውሃውን ጠረግኩ፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ጠረግኩ። አሥራ ሁለቱም ላይ ካንሰር የለም። የአሮጊቷን ስላይድ አውጥቼ ሳስተያይ ብጣሿ ከዚያ የተቀደደች ናት። ሹፌሩ ትንሽ ቁስለት አለበት፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ማድረግ ያለብኝን አላጣሁትም። ግን እውነቱን ልናገር፣ አንድ ሌሊት አደርኩበት። ከተናገርኩ ትከሻው ላይ ያረፈው እጅ ይነሳል፤ ሰባት ሰዓት ይሄዳል፤ እኔም ብርቱካኔን ሙሉውን ብቻዬን እበላለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ አንድ ጤነኛ ሰው ሆዱ ይከፈታል።

ሐሙስ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አገኘሁትና ነገርኩት። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲወርድ አየሁት። ግድግዳውን ተደገፈ።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አለኝ በመጨረሻ።

እንደ እሳት ነደድኩ። «ፈራህ? ሰውየው ነገ ይተኛል፤ አንተ ማን እንደሰማ ትጠይቀኛለህ! ሰው መስለኸኝ ነበር።»

መልሱን ሳልጠብቅ አሥራ ሁለቱን ስላይዶች ላመጣ ሰባ ሁለቱን ደረጃ በሩጫ ወረድኩ፤ በሩጫ ወጣሁ። የፕሮፌሰሩ ቢሮ ስገባ ስልኩን እያስቀመጡ ነበር።

«ኦፕራሲዮኑ ተሰርዟል» አሉኝ። «ልጁ አሁን ነግሮኝ ወጣ። የባዕድ ብጣሽ መሆኗን ማየት ነበረብኝ፣ ስም ለማውጣት ቸኮልኩ አለኝ። እኔም አላየሁም፤ ሽማግሌ ነኝ ልበል? አንቺን ግን አንድ ቃል አላነሳም። ምን ፈልገሽ ነው?»

ለሌላ ሰው ነግረሽ እንደሆነ የጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥኩ።

«ውሃውን ያልጠረግኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሲጠረግ የኖረ ውሃ ያን ቀን ምን ሆነ?»

ሁለቱ ጥቁር ሴሎች ፊቴ ድቅን አሉ። «ደክሞኝ ነበር» አልኳቸው።

ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቦታው ለሌላው ሐኪም ተሰጠ። በቀጣዩ ሳምንት መሳቢያውን ሲያራግፍ ሄድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ በር ላይ ስደርስ አንዱም አብሮኝ አልገባም።

«የተናገርኩህን...» አልኩ።

«ተይው። እኔ ብሆንም እንደሱ እል ነበር።» መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ ደረደረ። ቀና ሳይል ጠየቀኝ። «ሰኞ ዕለት ደክሞሽ ነበር አሉኝ።»

የጠየቀኝ ሌላ ነገር እንደነበር አውቃለሁ። ወረቀቱ በስንት ሰዓት እንደወረደ ራሱ ያውቃል። «አይ፣ ያንተን ሁለቱን ሳይ ነው» ብዬ ብነግረው፣ ያቺን ስላይድ መላኩ አንድ ሰው ሊያስገድል ነበር ብሎ ዕድሜውን ሁሉ ይሸከመዋል። ሆዱን አውቀዋለሁ፤ ቂም የሚይዘው በራሱ ላይ ብቻ ነው።

«አዎ» አልኩት። «ደክሞኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ካርቶኑን በገመድ አሰረ። መልሴ ይህ መስሎት ሄደ።

ክረምት ከበጋ በማይለይበት ክፍሌ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሆነ የምለካው በብርቱካን ነበር። ደወሏ ስትጮህ ትንፋሼ ይቆማል፤ የሚመጣው ትእዛዝ ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ሰው ስለማይኖር እየወጣሁ በተማሪው በኩል እቀመጣለሁ። ቀስቷ እሱ የተዋት ቦታ ላይ ቆማለች። የዚያኛው ወገን ወንበር ባዶ ነው። እህቴ በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ትለኛለች፤ «ጉንፋን ነው» እላታለሁ። ጉንፋኔ አራት ወር ቆየ።

አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ከመደንገጤ ብርጭቆ ሰበርኩ። ሲከፈት አንድ ወፍራም፣ ድምፁ ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። በእጁ አንድ ከረጢት ሙሉ ብርቱካን ይዟል።

«ምላጭ የሚሏት የኔ እህት አንቺ ነሽ?»

«ምን ነበር፣ ጋሼ?»

«ሹፌሩ ነኛ! አንጀቴን አይተሽ ፊቴን ረሳሽው?» ብሎ ሳቀ። «አየሽ እንዴት እንደወፈርኩ? ለካ ኪኒን የሚበቃው ቁስለት ነው። ልጆቼ ግን ተላቅሰውልኝ ጨርሰው ነበር።»

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እኮ» አልኩት። «የሌላ ሰው በሽታ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ያስለቀቅሽኝም አንቺ ነሽ። ዶክተሩ ነግሮኛል፤ በኔ አውቶቡስ ነው የሄደው፤ ከፊት ወንበር፣ አጠገቤ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ስላንቺ ነው ያወራው። እኔ የሌለውን አየሁ፣ እሷ የሌለ መሆኑን አየች ይለኛል። ብርቱካን ትወዳለች ያለኝም እሱ ነው።» ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። «በየሳምንቱ እመላለሳለሁ። የምትልኪለት ነገር አለሽ?»

«የለኝም።»

«እሺ።» ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «የምትልኪለት ነገር አለሽ?» «የለኝም ጋሼ።» በሦስተኛው ሳምንት ቁጭ አለና ላቡን ጠረገ። «እኔ ወንድምሽ ብሆን በጥፊ እልሽ ነበር» አለኝ። «ልጁ ምሳውን ብቻውን ነው የሚበላው። ቆሜ አይቼዋለሁ።»

ያቺን ስላይድ ከመሳቢያዬ አወጣኋት። የሱን ወረቀት አወጣሁ፤ «ምን ትያለሽ?» ከሚለው ሥር ቦታ ነበረ። ብዕር አንስቼ ጻፍኩበት።

«ሰኞ ዕለት አልደከመኝም ነበር። ውሃውን ያልጠረግኩት እነዚህን ሁለቱን እያየሁ ነው። እንዳይከብድህ ብዬ ዋሸሁህ፤ አሁን ግን ከበደኝ። መልሴ ያን ጊዜም አሁንም እሺ ነው።»

በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሹፌሩ እንቁላል የያዘ ያህል ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው።

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሹፌሩ አልመጣም። ሁለተኛውም አለፈ። ረፍዷል ማለት ነው አልኩ። ሰው አራት ወር ሙሉ የተዘጋ በር ሥር ቆሞ አይጠብቅም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ እንደልማዴ ወጥቼ በቦታዬ ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን ስላይድ አስገብቼ ዓይኔን ደፋሁ። ጣቶች፣ ብሩሽ፣ ዋንጫዎች። ቀስቷ በቦታዋ ናት።

ቀስቷ ተነቃነቀች።

የዓይኔ ድካም መሰለኝ። ትንሽ ወደ ግራ ሄደች፣ ተመለሰች። የወንበር እግር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ቀና አላልኩም፤ ቀና ብዬ ማንም ባይኖርስ? ሥር ያለው ስላይድ ተስቦ ወጣ፤ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ከዚያ ሌላ ገባ። ሁለት ጥቁር ሴሎች፣ ጎን ለጎን፤ ቀስቷ አጠገባቸው ቆማለች።

«ዘገየህ» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላነሳ።

«አውቶቡሱ ተበላሽቶ ነው። ደብዳቤሽን ትናንት ማታ ነው የሰጠኝ። ዛሬ ስንመጣ ደግሞ ጋሼ በየፌርማታው እየቆመ ለተሳፋሪው የአንጀቱን ታሪክ ይተርካል።»

ልስቅ ነበር፤ የወጣው ግን እንባ ነው። ብርጭቆው ደበዘዘብኝ። እሱም ዓይኑን አላነሳም፤ ሁለታችንም ያንኑ እያየን ዝም አልን።

«ከበደህ?» አልኩት።

«ከበደኝ። ግን የሁለታችን ነው።» ቀስቷን ትንሽ አንቀሳቀሳት። «እዚያ ቆራጭ የላቸውም። የመቁረጫው ክፍል ባዶ ነው። መስኮት አለው፤ ትልቅ መስኮት።»

«መስኮት ንፋስ ያስገባል» አልኩ፣ አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ። «ሪባኑን ይበትንብኛል።»

«እዘጋልሻለሁ» አለ።